ካርታ ሳይወጣለት ያወቅሽው ቤት

ሙሉዬ፣ ጥለሽኝ ከሄድሽ ይህ ሦስተኛው የሰሊጥ አጨዳ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጥርሴ አንድ ቀንሷል፣ ምላሴ ግን እንዳለ ነው። አልጋውን ወደ በሩ አዙሬዋለሁ፤ አንቺ ብትኖሪ አታስነኪኝም ነበር።

የጻፍሁልሽ ግን ለሌላ ነገር ነው። ጎንደር ሐኪሞችን የምታስተምረው የልጅ ልጃችን እናና ለዕረፍት እዚህ ኮኪት መጥታለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በየአገሩ ያሉ ሊቃውንት ገና ያልተወለደ ልጅ አንጎል ካርታ እያወጡ ነው አለችኝ። እኔ ካርታ ሲባል የማውቀው የመሬቱን ነው፤ ማኅተሙን የሚመታው የትኛው ጽሕፈት ቤት ነው፣ ከጎረቤት ጋር የወሰን ክርክርስ የለበትም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ በኮምፒውተሯ አሳየችኝ።

ጉድ ነው ሙሉዬ። የአንጎሉ ቅርፊት የሚሠራው እኛ ይህን በረሃ እንዳቀናነው ነው። ሕዋሶቹ ከውስጥ ከጥልቁ ይወለዱና እንደ ሐረግ ያለ ቀጭን ክር ይዘው ወደ ውጭ ይጓዛሉ። ቀድሞ የደረሰው ቅርብ ይሰፍራል፤ ኋላ የመጣው እሱን አልፎ ከላይ ይሰፍራል። እኛ ከደጋ ወርደን መንገድ ዳር ስንቀር፣ ከኋላችን የመጡት አልፈውን ጫካውን እንደመነጠሩት ማለት ነው። እንደገና አሳዪኝ እያልሁ ሦስት ጊዜ አስደገምኋት።

አንቺ ትዝ አልሽኝ። ምራታችን እናናን አርግዛ ሳለ፣ አጫጅ ጠፍቶ ሰሊጡ ሊረግፍ ሲደርስ፣ እሷም ማጭድ ትያዝ ብዬ ነበር። በሩ ላይ ቆመሽ «ውስጥ ቤት እየተሠራ ነው፤ ሠራተኛዋን አታድክሙ» አልሽ። ከአጫጆቹ ጋር ሆኜ ሳቅሁብሽ። ከዚያ ወዲያ ስምሽን «ኢንጂነሯ» አደረግሁት። አንድም ቀን ግን ልክ ነሽ አላልሁሽም።

ትናንት እናና ነዶ ላቁም ብላ በዚያ ፀሐይ ማሳ ገባች። ምርኩዜን ይዤ ተከተልኋትና ያንቺን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አልኋት። አጫጆቹ ሳቁብኝ። ይበለኝ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ነዶውን አስቀምጣ ጥላ ሥር ገባች።

ልጁ ተወልዶ ነገር መስማት ሲጀምር፣ ቤቱን ካርታ ሳይወጣለት ያወቀችለት ቅድመ አያት እንደነበረችው እነግረዋለሁ። እስከዚያም ለራሴ እየነገርሁ እቆያለሁ፣ እንዳልረሳው።

ልክ ነበርሽ፣ ኢንጂነሯ።