አፕዴቱ ሰኞ ይውጣ ብዬ ነበር

ሐሙስ
አብሮኝ የሚሠራው ናቲ ልክ ነው፤ ቀዳዳ አለ። ለትናንሽ ክሊኒኮች በነፃ የሠራነው የካርድ ፕሮግራም ውስጥ። የክሊኒኩን ዋይፋይ ያገኘ ሁሉ ያለ ፓስወርድ የበሽተኛ ካርድ መክፈት ይችላል። በራሴ ላፕቶፕ ሞከርኩት፤ ተከፈተ። ክው አልኩ።

ዓርብ
ጥገናውን ጨረስን፤ ከዚያ ተጨቃጨቅን። ናቲ አሁኑኑ እንልቀቀው ይላል። እኔ ሰኞ ጠዋት አልኩ። ኮዳችን ለሁሉም ክፍት ነው፤ ጥገናውን ያየ ሰው ቀዳዳው የት እንደነበር ያውቃል። ዛሬ ማታ ብንለቀው ቅዳሜና እሑድ ማን ይጭነዋል? ደግሞ ሌሎቹን ጥቃቅን ጥገናዎች አብረን በአንዴ እናውጣ። ባለፈው በየቀኑ ማስታወቂያ ስንልክ የገደብ ከተማ ክሊኒክ ነርስ ሲስተር አልማዝ ደውለው "እናንተ ልጆች፣ በሽተኛ ልይ ወይስ የእናንተን አፕዴት?" ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። ሰው ሲሰለች ማንበቡን ይተዋል።
ናቲ እሺ አለ። ፊቱ ግን አልተፈታም።

ቅዳሜ
አንድ የማላውቀው ሰው በቴሌግራም ጻፈልን። ያንኑ ቀዳዳ አግኝቶታል። ክፉ አይመስልም፤ ግን "ሰው እንዲጠነቀቅ ነገ ማታ ግሩፕ ላይ እለጥፈዋለሁ" ይላል። እስከ ሰኞ ታገሰን ብዬ ለመንኩት። አንብቦ ዝም።
ናቲ "ብዬሽ ነበር" ማለት ይችል ነበር። አላለም። "በይ ሻይሽን ጠጪና እንነሳ" ብቻ አለኝ። ጥቃቅኖቹ ይቆዩ። ነገ ዋናው ብቻ ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ ክሊኒክ አስቀድመን እንደውላለን።

እሑድ
ክሊኒኮቹን ተከፋፍለን ስንደውል ዋልን። ሲስተር አልማዝን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በስልክ አገኘኋቸው። ከነነጠላቸው ክሊኒክ ገብተው ኮምፒውተሩን ከፈቱ።
"የቱን ልጫን፣ ቀዩን?"
"አይ ሲስተር፣ አረንጓዴውን።"
ሲያልቅ ለምን እንዳጣደፍኳቸው ነገርኳቸው። "የሰው ምስጢር እኮ ነው ልጄ። ለእንዲህ ያለውማ በእኩለ ሌሊትም ደውዪ።" እንባዬ መጣ።
ከይርጋጨፌው በቀር ሁሉም ጫኑ። እዚያ ስልክ የሚያነሳ የለም።

ሰኞ
በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ይርጋጨፌ ወረድኩ። የካርድ ክፍሏ ልጅ ግራ ገብቷት አየችኝ። "መብራት ከዓርብ ጀምሮ የለም እኮ። ኮምፒውተሩንም አልነካነው።" መንገዱን ሁሉ የተጨነቅኩት ትዝ ብሎኝ ሳቅኩ። መብራት እስኪመጣ ጠብቄ ራሴው ጫንኩላቸው።
የቴሌግራሙ ሰውዬ ምንም አልለጠፈም። "አየሁት፣ በርቱ" ብሎ ጽፏል።
ዲላ ስመለስ ናቲ መናኸሪያው ጋ ጠበቀኝ። "እኛ ሳናውቀው በፊትስ የገባ ሰው ይኖር ይሆን?" አለኝ። ማን እንደገባ የሚያሳይ ነገር አልሠራንም። አላውቅም አልኩት። ቦርሳዬን ተቀበለኝ።
አሁንም አላውቅም። ቀዳዳው ግን ዛሬ በሁሉም ክሊኒክ ተዘግቷል። ልተኛ።