በቅርስነት ስለተመዘገበው የእናቴ ሳል

ለተከበሩ የባህልና ኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ሳንባዎን፣ ጉሮሮዎን፣ በተለይ በተለይ ጆሮዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቅ የምሠራ፣ ከሱቁም ጋር በተያያዘው ቤት የምኖር ልብስ ሰፊ ስሆን፣ «ያበደ ገንዳ» የተባለው የወጣቶች ባንድ ድምፃዊት አባት፣ ዘፈኗን የወሰዳችሁባት አሮጊት ልጅም ነኝ። ከላይም ከታችም ተይዣለሁ ማለት ነው።

አራት ልጆች ናቸው። ያላቸው አንድ ጊታር፣ እኔ በሱፍ ቁራጭ የጣፍኩት አኮርዲዮን፣ በዱላ የሚደበደብ የእናቴ የቆርቆሮ ገንዳና የልጄ ጩኸት ነው። ፓንክ የሚሉትን የፈረንጅ ሙዚቃ ከድሮ የሥራ ዘፈን ጋር አጋብተው በሱቄ ጓሮ ሲለማመዱ መርፌው ከእጄ ይወድቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሙዚቃቸውን አልወደውም። እናቴ ግን አልጋዋን ወደ ጓሮው መስኮት አስጠግታ «ይኸውላችሁ! እንዲህ ነበርን እኮ!» ትል ነበር። ዘፈኑ በወጣትነቷ በልብስ ማጠቢያ ቤት ከጓደኞቿ ጋር ገንዳ ውስጥ ቆማ ብርድ ልብስ ስትረግጥ ትዘፍነው የነበረ ነው። የውሃው ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብር ስለነበር ቀስ ያለች ሴት እግሯ ይደነዝዛል። ስለዚህ ዘፈኑ ይሮጣል፣ ይጮኻል።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ/ ባለሙያዎ ዘፈኑን «ከምንጩ» ለመቅዳት ቤታችን ድረስ ስለመጣ አመሰግናለሁ። እናቴ ያን ሰሞን ሳንባዋን ታማ ነበር። «ልጄ፣ ትንፋሽ የለኝም፤ ሲሻለኝ ና» ብትለው፣ ጨዋ ሰው ነውና «ግድ የለም እማማ፣ እንደሚመችዎ» አላት። እሷም እንግዳ አላሳፍርም ብላ እየቃተተች፣ ሦስት ቦታ ላይም ለመሳል እያቋረጠች ጨረሰችለት።

፪ኛ/ ጽሕፈት ቤትዎ ያንን ቅጂ አጥንቶ «የዘፈኑ ትክክለኛ ፍጥነት ይህ ነው» ብሎ ስለወሰነ፣ ያሳለችባቸውን ሦስት ቦታዎችም «ጥንታዊ የጽሞና ስፍራ» ብሎ በቅርስነት ስለመዘገበ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የእናቴን ሳል እስከ ዛሬ እንዲህ ያከበረላት ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ፣ አላዋቂ ነኝና፣ ሽሮፕ ነበር የምሰጣት።

፫ኛ/ ባንዱ በተወሰነው ፍጥነት ካልተጫወተ የትም እንዳይጫወት፣ በሱቄ ጓሮ ከተለማመደም የንግድ ፈቃዴ እንደማይታደስ ስላስጠነቀቁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ፈቃዱ ከሌለ ጉርሻ የለምና ልጄን «በቃ፣ ዝም በይ» ያልኳት እርስዎ ሳይሆኑ እኔ ነኝ። ለአንድ ቃሌ አሥር የምትመልሰው ልጅ ምንም ሳትለኝ ማይክራፎኗን በካልሲ ጠቅልላ አልጋ ሥር ከተተችው። ጩኸቷ በዛብኝ እያልኩ ሳማርር የነበርኩት ሰውዬ አሁን ዝምታዋን መቻል አቅቶኛል።

፬ኛ/ ገንዳውንም ወስዳችሁ በመግቢያችሁ ስላስቀመጣችሁት፣ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍም ስለለጠፋችሁበት አመሰግናለሁ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በእግሯ ስትረግጠው የኖረችው ገንዳ ነው።

አቤት ለማለት ደጅዎን ጠንቻለሁ። ጸሐፊዎ በትሕትና እንዳስረዱኝ፣ ዘፈኑ ከምንጩ የተቀዳ በመሆኑ ቅሬታ የሚቀርበው ምንጩ ራሷ በአካል ስትመጣ ብቻ ነው። ምንጯ ከአልጋ አትወርድም ብላቸው «እንግዲህ ሲሻላቸው» አሉኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነውና ወደ ስፌት መኪናዬ ተመልሼ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ።

ባለፈው የጽሕፈት ቤትዎ የመዘምራን ቡድን ዘፈኑን በሬዲዮ ሲያቀርብ እናቴን ትራስ ደግፌ አሰማኋት። በሦስቱም ጽሞናዎች ላይ ሁሉም እኩል ጸጥ አሉ። እናቴ ጆሮዋን ቀና አድርጋ ሰማችና «ምስኪኖች! ሁሉም ታመው ነው?» አለችኝ። ዘፈኑ የራሷ መሆኑን አላወቀችውም፤ እኔም ልነግራት አልደፈርኩም።

ክቡርነትዎ፣ እናቴ የምትለምነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓይኗ ሳይከደን ዘፈኗን እንደ ድሮው እየሮጠ አንዴ መስማት። በየማለዳው «ልጆቹ ዛሬም አይመጡም?» ትለኛለች። «ነገ» እላታለሁ። ልጄ ከጎኔ ቆማ ትሰማኛለች። ምን ያድርጉልኝ እንደምል እንኳ ጠፍቶኛል።

የእርምጃዎን ፍጥነት ማንም እንዳይወስንብዎ፣ ትንፋሽዎም በሰው ፊት እንዳይከዳዎ እየተመኘሁ፣ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ፣ ወገቤ እስኪያመኝ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ከጀርባዎ ያለው ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ከሰሞኑ የእናቴ ሳል ከዘፈኗ በዝቷል። ደንቡን ለማሻሻል ካሰቡ ባለሙያዎን ቶሎ ይላኩልን፤ ጥቂት ከዘገየ የሚቀዳው ጽሞናው ብቻ ነው።