ከውስጥ የማይከፈተው የደህንነት በር

ይድረስ ለተከበሩ የረጅም ርቀት ብስክሌተኞች ደህንነት መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ የቢሮዎ በር ማጠፊያ ሳይቀር ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከአጥርዎ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የማስጽፈው እርስዎ «ደህንነቱ የተጠበቀ የብስክሌት መተላለፊያ» ብለው ሪባን የቆረጡለት፣ እኔ ግን ጉረኖ የምለው፣ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ሙሉ ግራና ቀኙ በሽቦ የታጠረው መንገድዎ መጨረሻ ላይ፣ ከተቆለፈው በር ሥር ተቀምጬ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል። በሩ የተዘጋው ስድስት ሰዓት ላይ ሲሆን የሚከፈተው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት መሆኑን በሩ ላይ በሚያምር ፊደል ስላስጻፉልን እናመሰግናለን።

እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ጎማ ስለጥፍ የኖርኩ ጎሚስታ ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ ሦስት ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን ስናገርም አንገቴን አልደፋም። የሚጽፍልኝ አብሮኝ የተቆለፈበት ልብስ ሰፊ ጓደኛዬ ነው። እርሳሱ ሁልጊዜ ከጆሮው ጀርባ የምትኖረዋ ናት፣ ወረቀቱም ልብስ ሲቆርጥ ልክ ከሚያወጣበት ቡናማ ወረቀት ላይ የተቀደደ ነውና ከዳር በኩል የእጅጌ ቅርጽ ቢያዩ አይደንግጡ። ያልኩትን እንዳለ እንዲጽፍ አስምዬዋለሁ። ገና ከመጀመሩ «ጉረኖ» ያልኩትን «አጥር» ብሎ ሊያለሰልስልዎ ሞክሮ ነበር፤ አንብብልኝ ብዬ ያዝኩት።

እንዴት እዚህ እንደደረስን ልንገርዎ። ነገ ቀትር ላይ የልብስ ሰፊው ልጅ ታገባለች። የምትኖረው ከእኛ ከተማ በብስክሌት የሦስት ቀን መንገድ ርቃ ነው። ቬሎዋን የሰፋላት አባቷ ነው። «አውቶቡስ የለም ወይ?» ይሉ ይሆናል። አለ። ነገር ግን ልጅቷ ትንሽ ሳለች በዚሁ ብስክሌት ኋላ ተቀምጣ ነው ተማሪ ቤት የተመላለሰችው፤ ቬሎዬ በእሱ ካልመጣ አልለብስም ያለችውም እሷ ራሷ ናት። ስለዚህ ቬሎው በአንሶላ ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ተደርቦ፣ ከአባቷ ኋላ ታስሮ ይኸው ሁለት ቀን ተኩል ተጉዟል። ወገቡ ገና በመርፌ ቁልፍ እንደተያዘ ነው። ነገ ጠዋት በገላዋ ላይ እያየ የሚያጠበው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ካልደረሰ ሙሽራዋ ቬሎውን በእጇ ሰብስባ ይዛ ልትቆም ነው።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ከመኪና ስላዳኑን አመሰግናለሁ። እኔና ልብስ ሰፊው ሠላሳ ዓመት ከከተማ ከተማ ስንጓዝ በመካከላችን የአንድ ካሚዮን ርዝመት እንተዋለን፤ ጠመዝማዛ ላይ ከኋላ ያለው ደወል ይመታል፤ ጆሯችን ውስጥ ምንም አንሰካም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንቆማለን፤ ከመተኛታችን በፊት ደግሞ እኔ ጎማዎቹን በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ አያለሁ። ሹፌሮቹ ያውቁናል። ጥሩምባ ነፍተው ሰላም ይሉናል፣ አንዳንዱም ቆሞ ውሃ ይሰጠናል። ይህ ሁሉ አደጋ መሆኑን አላወቅንም ነበር። አሁን አስፋልቱ ላይ ብስክሌት ይዞ የተገኘ ብስክሌቱ ይወረሳል ስላሉ፣ መኪና የማይነካን፣ ውሃ የማይደርሰን፣ ጥላ የሌለን የተጠበቅን ሰዎች ሆነናል።

ከደንቦቻችን ሁሉ በፊት የነበረች አንዲት ደንብም አለችን፤ መውጫውን ሳንጠይቅ ወደማናውቀው መንገድ አንገባም። እሷን እዚህ ላይ ላቁማት፤ ስለምታንቀኝ በኋላ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ መግቢያው ዘበኛዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዩኒፎርሙ ተተኩሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግማሽ ሰዓት ፈተሸን። ደወሌን ሦስት ጊዜ መታው። ፍሬናችንን ጨበጠ፣ የሚያንጸባርቀውን ሰደርያ አስለበሰን፣ የሄልሜቴን ማሰሪያ በገዛ ጣቱ ከአገጬ ሥር አጠበቀልኝ፤ እናቴም እንዲህ አድርጋ ኮፍያ አላሰረችልኝም። ከዚያ ወደ ውስጥ ብቻ በሚዞረው የብረት በር አሳልፎ መልካም ጉዞ ተመኘልን። ያኔ አራት ሰዓት ተኩል ነበር። መንገድዎ ዳገት ነው፤ እኛም ሽማግሌዎች ነን፤ ደግሞም ቬሎ ጭነናል። ማዶ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ስለ ደወሉ ያን ያህል የተጨነቀ ሰው ስለ ሰዓቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቆኝ ነበር፤ እሱንም በኋላ እነግርዎታለሁ።

አራተኛ፤ ጸሐፊዬ ሦስተኛው የት ሄደ ይለኛል። ሦስተኛው የውሃው ነገር ነበር፤ አንደኛው ውስጥ ስለከተትኩት ዝለለው ብዬዋለሁ። አራተኛ፤ በበሩ ራስ ላይ ስላስጻፉት የአደጋ ጊዜ ስልክ። ልብስ ሰፊው መነጽሩን ከጭነቱ ሥር ፈልጎ አወጣና ቁጥሩን አነበበ፤ ደወልን። አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ አነሳች። ጉዳት ደርሶብኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አልደረሰብኝም አልኳት። መኪና ገጭቶኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አልገጨኝም አልኳት። ከመተላለፊያው ውጭ ወጥቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እኔማ እሱን አጥቼ ነው የደወልኩት አልኳት። «እንግዲያውስ አባቴ፣ ደህና ነዎት» ብላኝ ዘጋች። እንደገና ስንደውል የስልኩ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ ሙዚቃ አሰሙን። ዜማውን ልብስ ሰፊው እስካሁን ያንጎራጉረዋል፤ ተው ብለው እምቢ አለኝ።

አምስተኛ፤ ከበሩ በላይ ስለሰቀሉት ካሜራ። ሠራተኞችዎ ሁሉ ሲያርፉ እሱ ግን ቅዳሜም እሑድም አያርፍም። ወደ ግራ ስንሄድ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስንሄድ ወደ ቀኝ ይዞርልናል። እጃችንን አውለበለብንለት። ሄልሜቴን አውልቄ ለሰላምታ ጎንበስ አልኩለት። ልብስ ሰፊው የቬሎውን ጫፍ ገልጦ አሳየው። እስካሁን መልስ የለም፤ ግን ዓይኑን አልነቀለብንም፤ ይህም ፍቅር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስምንት ተኩል ላይ ያቆመልን ሰው ቢኖር፣ እርስዎ ከእሱ ሊጠብቁን ይህን ሁሉ ሽቦ ያስዘረጉበት ሰው ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ሲሚንቶ የጫነ፣ ተሳቢ የሚጎትት። በሽቦው ቀዳዳ ውሃ በቱቦ አጠጣን። ጓጉንቸሩን በብረት ልስበረው ሲል እኔ ከለከልኩት፤ ካሜራዎ ታርጋውን ይዞ መንጃ ፈቃዱን እንደሚያስነጥቀው፣ ልጆችም እንዳሉት ስላወቅኩ ነው። ስለዚህ ሲሚንቶውን ቀጥሎ ካለው ከተማ አራግፎ፣ መሰላል ይዞ፣ አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሊመለስ ሄደ። ከካሜራው ራቅ ብሎ መኪናውን ከአጥሩ ሊያስጠጋ፣ መሰላሉን ከመኪናው ላይ ሆኖ ወደ ውስጥ ሊያወርድልን ነው ሐሳቡ። ከዚያ ልጅቷ እስካለችበት ድረስ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

ነገር ግን አጥርዎ የሦስት ሰው ቁመት አለው፤ እኔ ደግሞ ጉልበቴ ውስጥ ሐኪሞች የከተቱት ብረት አለ። ፔዳል ያዞራል፤ መሰላል ግን ሦስተኛው እርከን ላይ ይቆልፋል። ከበርዎ የሚለየው ሰኞም አለመከፈቱ ነው። ልብስ ሰፊው ግን እንደ ሜትሩ ቀጭንና ተጣጣፊ ነው፤ ይወጣል። ውጣ አልኩት። እርሳሱን አስቀመጠ።

«አንተን ጉረኖ ውስጥ ጥዬ ልጄን በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አለኝ።

አየህ፣ አንተም ጉረኖ አልከው አልኩት። አልሳቀም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ይህን ጊዜ ነው የሚያንቀኝን ነገር ማውጣት የነበረብኝ፤ የተከበሩ ሆይ፣ እርስዎም ይስሙት።

ዘበኛዎ የጠየቀኝ ይህንን ነበር፤ «አባባ፣ ሰሌዳውን አንብበዋል?» ሰሌዳው ከእኔ ቁመት የሚበልጥ፣ ሰማያዊ፣ ከላይ እስከ ታች ፊደል የሞላበት ነው። ዘበኛው ልጄ የሚሆን ሰው ነው፤ ከኋላችንም ተራ የሚጠብቁ፣ በኋላ ዳገቱ ላይ ቀድመውን በሰዓቱ የወጡ ጎረምሶች ነበሩ። አዎ፣ አንብቤያለሁ አልኩት። አንገቴን ቀና አድርጌ ነው ያልኩት። ስድስት ሰዓት እንደሚዘጋ እዚያ ላይ ተጽፎ ነበር። መውጫውን ጠይቅ የምትለዋን ደንብ ለልብስ ሰፊው ያስተማርኩት እኔ፣ እንድጠይቅ አፍ አውጥተው ሲለምኑኝ ዋሸሁ። ስለዚህ ይህ ሰው እዚህ የተቆለፈበት በእርስዎ ጓጉንቸር ብቻ ሳይሆን በእኔ ምላስም ነው። ይውጣ የምለው ለዚህ ነው። ይህንንም ጻፍ አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ፣ በአንሶላው ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው።

«ሰምቼሃለሁ እኮ፣ ጋሼ» አለኝ። «አንብቤያለሁ ስትለው አጠገብህ ነበርኩ። በሰው ፊት ላሳፍርህ?»

የእሱም መነጽር ከቬሎው ሥር ታስሮ ነበርና፣ ያን ሁሉ የጠቀለለውን ፈትቶ ለማንበብ ሰንፎ፣ የእኔን ውሸት ተቀብሎ ዝም አለ። እሱ እኔን ላለማሳፈር፣ እኔ ራሴን ላለማሳፈር፣ ሁለታችንም ተከባብረን ገባንልዎ። ይህ በክሴ ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ የእኛ ነው። የእርስዎ የሚሆነው ይህ ነው፤ ደወሌን ሦስት ጊዜ ከሚመታው አንድ ጊዜ «ስድስት ሰዓት ይዘጋል» ቢለኝ፣ ሦስት ቃል ነው፤ ማንበብ አይጠይቅም፣ ማፈርም አይጠይቅም።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተከራከርንም። ወገቡን ማን ያጠብላታል ብዬ ብቻ ጠየቅኩት። ወደ ጭነቱ አየ፤ ከደረት ኪሱ መርፌውን አውጥቶ እዚያው መኖሩን አረጋገጠና መልሶ ሰካው። እንደሚሄድ በዚህ አወቅኩ።

«ጎማ ፈንድቶበት ቀረ እላታለሁ» አለኝ።

«አርባ ዓመት ጎማ ለጥፌ? ማን ያምንሃል? እውነቱን ንገራት፤ ማንበብ እችላለሁ ብሎ ነው በላት።»

እነሆ የመኪናው ጥሩምባ ከጠመዝማዛው ወዲያ ይሰማኛል፤ ጸሐፊዬም ቬሎውን ከብስክሌቱ መፍታት ስላለበት ማሳጠር አለብኝ። ይህ ደብዳቤ ከእሱና ከቬሎው ጋር በአጥርዎ ላይ ይሻገራል። ሹፌሩ በተሳቢው የኋላ መዝጊያ ላይ ሊለጥፈው ቃል ገብቶልኛል፤ ስለዚህ ከእርስዎ በፊት ከኋላው የሚነዳ ሁሉ ያነበዋል። እኔ ሁለቱን ብስክሌቶች እየጠበቅኩ፣ ለመንገድ ማደሪያ ከብስክሌቴ ኋላ ጠቅልዬ በያዝኳት ድንኳን ውስጥ እቆይዎታለሁ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስጓዝ የልብስ ሰፊውን ጀርባ እያየሁ ነው የነዳሁት፤ ዛሬ ወደ ላይ ሲሄድ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ለሰጡኝ ዕረፍት፣ ለማይነካኝ መኪና፣ ለማያገኘኝ ሰው ሁሉ እጅ እየነሳሁ፣ እርስዎ ካሉበት ክፍል ሁሉ የሚወጡበት በር እንዳይጠፋብዎ ከልቤ እመኛለሁ።

ደህንነቱ የተጠበቀው አገልጋይዎ፣
ጎሚስታው
(ፊርማ ስለሌለኝ በሰንሰለት ግራሶ የአውራ ጣቴን አሻራ አድርጌያለሁ)

ግልባጭ፦
ለመግቢያው ዘበኛ፤ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብለት።
ለካሜራው፤ እየጻፍን ሳለ አይቶታል።

ማሳሰቢያ፦ ይህችን በሽቦው ማዶ ሆኖ የጻፈልኝ ሹፌሩ ነው። በሩ አጠገብ «በዚህ መተላለፊያ እስከ ዛሬ አንድም አደጋ አልደረሰም» የሚል ሰሌዳ እንዳለ ልብስ ሰፊው ከመሄዱ በፊት አነበበልኝ። አይንኩት፤ እውነት ነው። አንድ አባት የልጁን ቬሎ በጥርሱ ይዞ በመሰላል አጥር ሲዘል ማንም አልገጨውም። ሌላው ደግሞ፣ ነገ ከነገ ወዲያ አለቃዎ ጠርተው ይህን ደብዳቤ አንብበውት እንደሆነ ቢጠይቁዎት፣ ጌታዬ፣ እባክዎ እንደ እኔ አንገትዎን ቀና አድርገው አዎ አይበሉ።