ጊዜያዊ ሙሌት

ጥር 5፣ ማክሰኞ

የተለመደ ቀን። ጠዋት የአንዲት ሴትዮ የመንጋጋ ጥርስ ነቀልኩ። ጮኸች፣ ሰደበችኝ፣ ከዚያ መርቃኝ ሄደች። ከሰዓት ከተኩስ አቁም ታዛቢዎቹ አንዱ መጣ፤ ሻለቃው፣ ያ ድልድዩ ላይ የሚቆመው ረጅሙ። ጥርሱ ተቦርቡሯል። ዛሬ ጊዜያዊ ሙሌት፣ በወሩ ዋናው፣ አልኩት።

«ጊዜያዊው ይበቃኛል፣ ዶክተር። ዋናውን አገሬ ገብቼ አስሞላለሁ።»

እንዴ! ገና ዓመት እቆያለሁ ሲለኝ አልነበር? ሞላሁለት።

ጥር 8፣ ዓርብ

ድልድዩ የሚከፈትበት ቀን። ተሻግሬ እማዬ ዘንድ ዋልኩ። ወዲያ ማዶ ሌላ መንግሥት፣ ሌላ ወታደር... ጦርነቱ ሲቆም እሷ እዚያ ቀረች፣ እኔ እዚህ። የዓለሙ ድርጅት እነዚህን ታዛቢዎች በነጭ መኪና ልኮ መሐል ባያቆማቸው ኖሮ ማክሰኞና ዓርብ መሻገር የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

ጠቅልለሽ ነይ አልኳት፣ እንደ ሁልጊዜው።

«በድዴ? አማቶችሽ ፊት በድዴ ልቀመጥ? ልጇ ጥርስ ሐኪም፣ እሷ በድዷ... ሰው ምን ይላል? መጀመሪያ ጥርሴን ሥሪልኝ!»

ሳቄ መጣ። ልክ ወሰድኩ። የልክ መውሰጃው ሊጥ አፏ ውስጥ እያለ እንኳ ማውራት አላቆመችም።

ጥር 13፣ ረቡዕ

ሌሎች ታዛቢዎችም መጡ። ሁሉም «ዛሬውኑ ጨርሽልኝ»። ጸሐፊያቸው ደግሞ ጥርሷን ለማቃናት ያሰርኩላትን ሽቦ ፍቺልኝ አለች። ገና መች ተቃና? «ግድ የለም» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። ፈታሁላት።

ማታ ለባሌ ነገርኩት። ሳቀብኝ።

«አንቺ ደግሞ ከሰው አፍ ውስጥ ፖለቲካ ማንበብ ጀመርሽ? በየስድስት ወሩ ይጨቃጨቃሉ፣ በየስድስት ወሩ የቆይታ ፈቃዳቸውን ያድሱላቸዋል። የድርጅቱ ምክር ቤት እንደሆነ ልማዱ ነው።»

እንዳፍህ ያድርገው።

ጥር 18፣ ሰኞ

ባሌ ዛሬ አልሳቀም። ሬዲዮኑ ላይ ተደፍቶ ዋለ። ታዛቢዎቹ ይቆዩ ወይስ ይውጡ የሚለው ሐሙስ ድምፅ ይሰጥበታል። ኃያላኑ የተጣሉት ግን በእኛ አይደለም፤ ስንት ባሕር ማዶ ባለ የመርከብ መተላለፊያ ነው። አንደኛው እልህ ይዞታል... ያኛውን ካልሰጣችሁኝ ሌላውንም አላሳልፍም ነው ነገሩ። ስለ እኛ ወንዝ አንዲት ቃል አልተነሳም። የምንኖር መሆናችንንስ ያውቃሉ?

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ለእማዬ በሰም ላይ የተደረደረውን ጥርስ ልለካላት ተሻገርኩ። ለመንኳት። አሁን ተነሺ፣ ጥርሱ እዚያ ይደርሳል አልኳት። ወይ ፍንክች!

ስመለስ ሻለቃውን ድልድዩ ላይ አገኘሁት። ትሄዳላችሁ ወይ? አልኩት ፊት ለፊት።

«እኛ ሪፖርት እንጽፋለን። እጅ የሚያወጡት ሌሎች ናቸው።»

ጥቂት ራመድ ስል ጠራኝ። «ዶክተር... የእናትዎ ጥርስ አልደረሰም?»

ለካ ያውቃል።

«በዚህ ሳምንት» አልኩት።

«ቶሎ ይበሉ።»

ጥር 21፣ ሐሙስ

ሁሉም ደገፉ፣ ያ እልኸኛው ኃያል ብቻውን ከለከለ። አንድ እጅ! በቃ፣ ፈረሰ።

ነገ ድልድዩ ለመጨረሻ ጊዜ ይከፈታል፤ እስከ አሥር ሰዓት። ጥርሱ ደርሷል። «አብሬሽ ልሂድ» አለ ባሌ። የወዲያ ማዶ ወታደሮች ወንድ ካዩ ያስቀሩሃል፣ አንተ እዚሁ ጠብቀን አልኩት። ሻንጣ እንኳ አልያዝኩም። ምን ያደርግልኛል? ይዣት መመለስ ነው።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

የምጽፈው እማዬ ቤት ሆኜ ነው።

ትናንት ስደርስ ዕቃዋን ሸክፋ፣ ጫማዋን አጥልቃ ጠበቀችኝ። ደስ አለኝ። «ጥርሴን ሳላጠልቅ ግን ከዚህ በር አልወጣም» አለች። አጠለቅኩላት። አንዱ ጎን ከፍ አለ። ስትነክስ ፊቷ ተጨማደደ። እንዲሁ ብተወው ድዷን ያቆስለዋል... ተቀምጬ መሞረድ ጀመርኩ። ሰዓት አየሁ፤ ስምንት እንኳ አልሞላም። ሞረድኩ፣ አስነከስኩ፣ ሞረድኩ። መስታወት ሰጠኋት፤ እንደ ልጅ ሳቀች።

ከዚያ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ብዙ መኪና።

እጇን ይዤ ሮጥኩ። ነጮቹ መኪኖች ድልድዩን ጨርሰው ወዲያ ማዶ ዳገቱን ይወጣሉ። አሥር ሰዓት አላሉም? ከሩቅ የሆነ ሰው ትዕዛዝ ቀየረ መሰለኝ። የዚህ ማዶ ወታደሮች ሽቦውን ይዘረጋሉ። «ባለቤቴ እዚያ ናት!» ይላል አንድ ሰውዬ፤ የሰማው የለም።

ወይኔ! ምን ነበር ተሻግረን ቤቴ ብሞርደው? ምን ነበር?

ጥር 26፣ ማክሰኞ

ስልክ የለም። ባሌን አየሁት፤ ወዲያ ማዶ፣ ግራጫ ካፖርቱን ለብሶ። እጄን አነሳሁ። አነሳ። ወታደሩ «ዞር በይ!» አለኝ።

ታዛቢዎቹ ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ደርድረዋል። ወንዙ ዳር ምሽግ ይቆፈራል።

ጥር 29፣ ዓርብ

ጎረቤት እንደነገረችን ሐኪም የተባለ ሁሉ እየተለቀመ ወደ ግንባር ይወሰዳል። የጥርስ ይሁን የዓይን አይጠይቁም አለች።

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እማዬ በእጇ ወደ ጓዳ ገፋችኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አየኋት። ጥርሷን አወለቀች። ያን ሁሉ የለመነችኝን ጥርስ... ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችና በሩን ከፈተችላቸው።

«ልጅሽ ሐኪም ናት አሉ።»

«የማን ልጅ? የኔ?» አፏን እስከ ጥግ ከፈተችላቸው። «እስቲ እየው ልጄ፣ ጥርስ ሐኪም የወለደች ሴት እንዲህ ትቀራለች?»

አንደኛው ሳቀ። ሄዱ።

በሩን ዘጋች። ጥርሱን ከኪሷ አውጥታ ሰጠችኝ። «ደብቂው። ባልሽ ዘንድ እስክትገቢ አላጠልቀውም።»

ከሞረዴ ጋር በጨርቅ ጠቅልዬ ወለሉ ሥር አስገባሁት። ምሳ ገንፎ አበላኋት።