ከሳሁ እንጂ አልታመምኩም

ለምትናፍቂኝ እማዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ብርዱ ሲበረታ ደግሞ አስቸገረሽ? ለዓይንሽ የታዘዘውን ጠብታ ታደርጊያለሽ ወይስ ዛሬም «ነገ አደርገዋለሁ» እያልሽ ነው? ያ ሳልስ ለቀቀሽ? የደሴ ውርጭ ዘንድሮ አይቻልም ሲሉ ሰምቻለሁና ነጠላ ብቻ ጣል አድርገሽ ቤተ ክርስቲያን እንዳትሄጂ፤ ጋቢሽን ደርቢ። እኔም፣ አማችሽ ሀይሉም፣ የልጅ ልጅሽ ሩቲም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ዛሬ ቃሉን አስቤበት ነው የጻፍኩት። ዮርዲዬ፣ የእህቴ ልጅ፣ መቼም የምታነቢላት አንቺ ነሽና ቀስ ብለሽ፣ መስመር ሳትዘዪ አንብቢላት። ብታለቅስም አታቋርጪ፤ ወደ ታች ደስ የሚል ነገር አለው።

እማዬ፣ ጎረቤታችሁ ፍሰሃ ለሱቁ ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ መጥቶ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኝ። ከላይ እስከ ታች አየኝና «ሀብቴ፣ ምነው? ሰላምም አይደለሽ?» አለኝ። ስፖርት ጀምሬ ነው ስለው ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው አንገቱን ነቀነቀ። እሱ ደሴ ሳይገባ ወሬው ገባ፤ «ሀብትነሽ አልቃለች፣ ጉንጯ ገብቷል፣ ቀሚሷ ሰፍቷታል» ብሎሻል አሉ። አንቺም ለኪዳነ ምሕረት ተስለሽ፣ ቅቤና በሶ በመንገደኛ ሰደድሽልኝ። ስደውልልሽ ደግሞ «ደብቀሽኝ ነው» ትይና ለቅሶሽ ይቀድማል፤ እኔም ሳላስረዳሽ እንዘጋለን። ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው፤ ወረቀት ላይ አታቋርጪኝም።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ከስቻለሁ። ግን ወድጄና ለፍቼበት ነው። የአምናውን ሆዴን አላየሽውም እንጂ ብታዪው «ልጄ ተመቻት» ብለሽ እልል ትዪ ነበር። ቢሮ ጠዋት የተቀመጥኩበት ወንበር የሚለቀኝ ማታ ነው። ምሳ ሰዓት ሴቶቹ ምሳ ዕቃችንን አንድ ላይ ከፍተን ነው የምንበላው፤ የራሴን ጨርሼ የሁሉንም እቀምሳለሁ፤ አልቀምስም ያለች ኮራች ትባላለች። ከሰዓት ማኪያቶ በስኳር፣ ከማኪያቶው ጋር ቦምቦሊኖ። ማታ ከሀይሉ ጋር ቴሌቪዥን እያየን አምሽተን እንበላና ቀጥታ ወደ አልጋ። በቃ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሆዴ ከኔ ቀድሞ በር የሚገባ ሆነ። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ትኬት ቆራጩ «ለእናት ቦታ ልቀቁ እንጂ፣ ነፍሰ ጡር ናት» አለ። አንዲት ወጣት ተነሳችልኝና «ስንተኛ ወርሽ ነው?» ብላ በፍቅር ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? «ገና ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። ቤት ገብቼ ስነግራቸው ሩቲ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሀይሉም «እንኳን ደስ ያለን» አለኝ። እኔን ግን ሳቅ አልመጣኝም።

ብዙም ሳይቆይ በመሥሪያ ቤት በኩል ምርመራ ተደረገልን። ሐኪሟ ወገቤን ለክታ፣ የደሜን ውጤት አይታ፣ ስኳር በሽታ ገና አልያዘሽም፣ ግን በሩ ላይ ቆሟል፤ ከቤተሰብ ያለበት ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እማዬ፣ የአባዬ እግር መጣብኝ። ያ አልድን ያለ ቁስል፣ አንቺ ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ስታጥቢው፣ እኛ እንዳናይ በሩን ስትዘጊ፣ ኋላም እግሩ ሲቆረጥ። ለአንቺ ያልነገርኩሽ ለዚህ ነው። የዚያን በሽታ ስም ደግሞ በልጅሽ ላይ እንድትሰሚ አልፈለግኩም። አሁን ግን ፍሰሃ የባሰ አሳስቦሻልና እቅጩን ማወቅ አለብሽ።

ሐኪሟ ሆድን ለብቻው የሚያከሳ ዘዴ የለም፤ ተንቀሳቀሺ፣ ምግብሽን አስተካክዪ፣ በጊዜ ብዪ፣ በደንብ ተኚ አለችኝ። ታዲያ እኛ ምን አደረግን መሰለሽ? እንደምታውቂው የካዛንቺሱ ሰፈራችን ሲነሳ ጎረቤት ተበትኗል። እኛ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ተከራየን፤ ጓደኛዬ ቡዜ ላንቻ ገባች፤ አጥር ይጋሩን የነበሩት አቶ ገብረአምላክ ወደ ከተማው ዳር ወጡ። ቡዜ «ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሜክሲኮ ተገናኝተን በእግራችን እስከ ካዛንቺስ እንሂድ፤ ላንቺም ለሆድሽ፣ ለኛም ለናፍቆታችን» አለች። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ ያምራል። ቤታችን የነበረበት ጋ ስንደርስ ቆም ብለን በሩ የት እንደነበር እንከራከራለን፤ ከዚያ አንዱ ቀልድ ያነሳና እንቀጥላለን።

ነገሩ የተበላሸው ቁርሱ ላይ ነው። የኛ ሰው መቼም ሦስት ሆኖ ከተገናኘ ማኅበር ነው፤ እርምጃው ሲያልቅ ተረኛው ቤቱ ወስዶ ይጋብዝ ጀመር። ጨጨብሳው ቅቤ ጠግቦ በማር ይመጣል፣ ከኋላው ዱለት፣ ከዱለቱ ኋላ ፍርፍር። ቡዜ ጉርሻዋን ይዛ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ካለች ማን እምቢ ይላል? በላብ የወረደውን ቁጭ ብለን እየመለስነው፣ ወራት ሄዶ ሱሪዬ ጭራሽ ጠበበኝ። ልተወው እንዳልል ደግሞ ያቺ ቁርስ ናት ሰፈራችንን ሰፈር ያሰኘችው። አቶ ገብረአምላክ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከሰው ጋር የሚበሉት ቅዳሜ ብቻ ነው። ቁርሱ ቢቀር እሳቸው የሚመጡ አይመስለኝም ነበር።

ተራው የኔ ሲሆን ጨከንኩ። ቂንጬ ያለ ቅቤ፣ ቅቅል እንቁላል፣ አቮካዶ በሎሚ፣ አንድ ትልቅ ሳህን ደግሞ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ አቀረብኩ። ሀይሉ ገና ሲያየው «ሴትዮ፣ ንፍሮ አቅርበሽ እድርተኛ ልትጠሪብን ነው?» ብሎኝ ነበር። እንዳለውም ቡዜ በር ላይ ቆማ «ማን ሞቶ ነው?» አለች። ማንም እንዳይሞት ነው አልኳትና የሐኪሟን ቃል ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ አባዬም ነገርኳቸው።  ከዚያ አቶ ገብረአምላክ ከኮታቸው ኪስ እንክብል አወጡና «እኔ እኮ ገና ካዛንቺስ ሳለን ጀምሮ ይህንን የስኳር መድኃኒት እውጣለሁ። ያልነገርኳችሁ ገበታ አላፈርስም ብዬ ነው» አሉ። ቡዜ ክው አለች። «ታዲያ ያን ሁሉ ጨጨብሳ በሞቴ እያልኩ ሳጎርስዎት ዝም ይላሉ?» ስትላቸው፣ «ሞትሽን ጠርተሽብኝ ምን ልበል፣ ልጄ?» አሏት። እየሳቀች ዕንባዋ ወረደ። እዚያው ቁጭ ብለን ደንብ አወጣን፤ ቁርሱ ይቀጥላል፣ «በሞቴ» ግን ተከልክሏል። የተሳሳተ ሰው የሁሉንም ሳህን ያጥባል። እስካሁን ከቡዜ በቀር ያጠበ የለም።

ቤትም ቀስ በቀስ ተለወጥን። ጎመኑና ምስሩ በዛ፣ እንጀራው ቀነሰ። የጾም ነው እያልኩ ሽሮው ላይ የማፈሰውን ዘይት በማንኪያ ማድረግ ጀመርኩ። እራት በጊዜ ነው፤ ማኪያቶው ያለ ስኳር፤ ፎቅ በደረጃ። ሀይሉ መጀመሪያ «ፍየል አደረግሽኝ» እያለ ሲያጉረመርም ነበር፤ ዛሬ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቶ ለሰው ሁሉ ያሳያል። በቶሎ የመጣ ነገር የለም፣ እማዬ፤ የተውኩበትም፣ ቦምቦሊኖ ያሸነፈኝም ሳምንት አለ። ባለፈው ወር ግን ሐኪሟ ደሜን ደግማ አይታ ስኳሩ ወደ ደህናው ተመልሷል፣ እንዳትዘናጊ አለችኝ። ሰው ግን ሲከሳ አይታመንም፤ ቤተ ክርስቲያን አንዷ ጠጋ ብላ ሀይሉ ይመታኛል ወይ ብላ ጠይቃኛለች።

ለፋሲካ ሁላችንም እንመጣለን። ዶሮሽን ሥሪ፣ እበላለሁ፤ ጾም ተፈትቶ የእናቴን ዶሮ አልበላም የምል ሰው አልሆንኩም። ግን ጠግቤያለሁ ስልሽ እመኚኝ፤ «አፈር ስሆን»ም «በሞቴ»ም አትበዪኝ። ቡዜን እምቢ ማለት ችያለሁ፣ የቢሮዎቹንም ችያለሁ፤ አንቺ ሞትሽን ጠርተሽ ግን እምቢ የምልበት አንጀት የለኝም። ከዮርዲ ጋር ሄደሽም ደምሽን ተመርመሪ፤ ከሰው ሁሉ በላይ የደከምሽው አንቺ ሆነሽ ማንም አንቺን አይቶሽ አያውቅም። አባዬን አንቺ አጠብሽው። ሩቲ እኔን በሩን ዘግታ እንድታጥበኝ አልፈልግም፤ ከልብሽ ካሰብሽው አንቺም አትፈልጊም።

እህቴን ከነባሏ ከአብርሃ ሰላም በዪልኝ፤ አብርሃን ደግሞ የሱም ቦርጭ ጊዜው ደርሷል በዪው። ዮርዲን ግንባሯን ሳሚልኝ። ፍሰሃንም ሰላም በዪው፤ ለክፋት አልተናገረም፣ አሳዝኜው ነው። ሀይሉ ጉልበትሽን ይስማል፤ ሩቲ «አያቴ እኔን ግን በሞቴ እያለች ታጉርሰኝ» ብላለች።

የምትወድሽ ልጅሽ ሀብትነሽ

ሰንጋ ተራ፣ ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.