ስለ ወይራ አምባ ጣሪያ ብናኝ

ይድረስ ለተከበሩ ለአቶ ደምለው፣ የወይራ አምባ ቴክኒክ ማሰልጠኛ ኃላፊ፤

እንደምን ሰነበቱ? ደረጃውን ሲወጡ ትንፋሽ የማያጥርዎ፣ ተኝተው የሚያድሩ ጤነኛ ያድርግዎ። እኔ ከአማኑኤል ከተማ ሥራነሽ ይስማው ነኝ፤ የማሰልጠኛዎን ጣሪያ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲጠግን የኖረው የአናጺው የይታያል ሚስት።

አንደኛ፣ ለይታያል ለሥራ ስለሰጣችሁት ኮፍያ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ግራጫውን የአስቤስቶስ ክዳን በመጋዝ ሲቆርጥ አፍንጫው ባይሸፈንም፣ ፀሐይ እንዳይመታው አስባችሁለታል። ብናኙ ነጭ አልብሶት ሲመለስ ልብሱን የማራግፈው እኔ ነበርሁ።

ሁለተኛ፣ ጎኑን ይወጋው፣ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ መድኃኒት ዋጠ፤ ጠበልም ተጠመቀ፤ አልተሻለውም። አዲስ አበባ ወስደነው ከጎኑ ውኃ ተቀድቶ ከተመረመረ በኋላ ሐኪሟ፣ «ሥራዎ ምን ነበር?» አለችው። የጣሪያ ክዳን ሲቆርጥ መኖሩን ነገራት። ከዚያ ሕመሙ ሳንባን ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን የሚነሣ፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዘው ካንሰር መሆኑን ነገረችን፤ የክዳኑ ብናኝ ከትንፋሽ ጋር ገብቶ ሠላሳ አርባ ዓመት ሊያደፍጥ ይችላል አለችን። እሱም፣ «እኔስ ሠርቼበታለሁ። ልብሴን ያጠበችው እሷ ናት፤ እሷን እይልኝ» አላት። ስለ ራሱ ምንም አልጠየቀም።

ሕመሙን ብናስታውቅ፣ ጽሕፈት ቤትዎ «ሲጋራ ያጨስ ይሆናል» የሚል ቃል ስለላከልን እናመሰግናለን። ይታያል ሲጋራ በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ ሐኪሟም ይህ ካንሰር ከሲጋራ እንደማይመጣ ነግራኛለች። ባለፈው ጥቅምት ቀበርነው። ይታያል በማይታይ ነገር ሞተ። በቀብሩ ላይ «ታታሪ ነበር» ብለው ስለመሰከሩለት እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ለሦስተኛው ግን ምስጋና አልወጣልኝ ብሏል። አሮጌው ጣሪያ በመዶሻ ፈርሶ፣ ስባሪው ከማሰልጠኛዎ አጠገብ ላለው መዋዕለ ሕፃናት ግቢ ጭቃ ማድረቂያ ተሰጥቷል። ሕፃናቱ ይረግጡታል፤ እየሰበሩም ይጫወቱበታል። እባክዎ፣ እንዳይቦንን ውኃ አርከፍክፈው በላስቲክ ያሸፍኑት፤ የሚያውቅ ባለሙያ መጥቶ እስኪያነሣው ድረስም ልጆቹ ይራቁ።

ቸርነትዎን እንደ ሐምሌ ፀሐይ በትዕግሥት የምጠባበቅ፣ ትሑት አገልጋይዎ፣

ሥራነሽ ይስማው

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ፣ ትንሿን ልጅዎን ከመዋዕለ ሕፃናቱ እንዳስወጧት ሰማሁ። ስለ እሷ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ምክንያቱን ለሌሎቹም ወላጆች ይንገሩልን።