ከአራት የሸክላ ናሙናዎች ላይ ስለጎደለው አራት መቶ ስድሳ ግራም

ለተከበሩ የማዕድን ናሙና ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሰበታ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ ምክትልዎ እንዲሁም ምክትልዎ በሌሉ ጊዜ ወክለው የማይፈርሙት ተወካይ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ በቡራዩ ኮረብታ ግርጌ የምንኖር ሰዎች፣ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግድግዳችንን ስንጠብቅ ከመዋላችን በቀር ደኅና ነን። ለጤንነትዎ መጸለያችንንም አላቋረጥንም፤ እርስዎ ጉንፋን ሲይዝዎት የሰው ጉዳይ ሁሉ አብሮ እንደሚተኛ በደንብ እናውቃለንና።

ፈቀደ አጵሎስ እባላለሁ፣ የሥነ ምድር መምህር ነኝ። ከእኔ ጉዳይ የሚበልጡ ብዙ የሚረሷቸው ጉዳዮች ስላሉብዎት ነገሩን ከመነሻው ላስታውስዎት። ከሰፈራችን በላይ ያለው ኮረብታ ከቀዩ አፈር ስር ግራጫ ሸክላ አለው። ይህ ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ በኋላም የተሸከመውን ይዞ ይንሸራተታል። የጎረቤቴ የኦቦ ዲሪባ መኝታ ቤት በሁለት ክረምት ውስጥ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ውሃው በሸክላው ስስ ንጣፎች መካከል የት እንደሚቀመጥና መጠኑ ስንት ሲደርስ ኮረብታውን እንደሚያንቀሳቅስ ለማወቅ፣ ኒውትሮን የተባሉትን እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች በናሙናው ውስጥ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ኒውትሮን የታሸገውን ጣሳ አልፎ ይገባና በውሃው ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን ሲያገኝ ይበተናል፤ ከአበታተኑም ውሃው ያለበትን ስፍራ ማንበብ ይቻላል። መሣሪያው በአገራችን የለም። በውጭ አገር ያለ አንድ የምርምር ማዕከል ሁለት ዓመት ተራ ካስጠበቀኝ በኋላ ከሐምሌ 8 እስከ 10 ሦስት ቀን ፈቀደልኝ። ሰባ አባወራ ይነሣ ወይስ የውሃ መውረጃ ቦይ ቢቆፈር ይበቃል የሚለው ጥያቄ በእነዚያ ሦስት ቀናት መልስ ያገኝ ነበር። ናሙናው ወደዚያ እንዲላክ ከእርስዎ የፈለግሁት ማኅተም ብቻ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ጭቃው እንደማይፈነዳ የሚገልጽ ደብዳቤ ከወረዳ እንዳመጣ አዘዙኝ። የወረዳው ሰዎች እስከ ዛሬ ፈንድቶ የተከሰሰ ጭቃ ስላላጋጠማቸው ለአሥራ አንድ ቀን ከተወያዩ በኋላ ጻፉልኝ።

2ኛ. አገር ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። የኮረብታው ጀርባ ወደ ሱሉልታ ስለሚያይ ከሱሉልታም የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል ብለው ሦስት ጊዜ አመላለሱኝ። ይዤ ስመለስ ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ ሊሠለጥኑ ተፍኪ ሄደዋል ተባልሁ። ሥልጠናው በሁለት ሳምንት ተራዘመ።

3ኛ. ይህኛው ትንሽ ረዘም ይላል፣ ይታገሡኝ። አራቱን ናሙናዎች ከነተፈጥሮ እርጥበታቸው በጣሳ አድርጌ፣ ክዳናቸውን በሰም አሽጌ፣ «እንዳይከፈት» ብዬ በቀይ ቀለም ጽፌ በግንቦት አስረከብሁ። ፊርማው ሳይገኝ ሰኔ ገባ፤ በሰኔ ደግሞ የበጀት ዓመት መዝጊያ ስለሆነ በጽሕፈት ቤትዎ ያለ ነገር ሁሉ ይቆጠራል። የንብረት ክፍሉ አቶ ጃዕፈር ያላዩትን ዕቃ መመዝገብ ስለማይችሉ ሰሙን ፍቀው ከፈቱ። ሰውየው ቅን ናቸው፣ በእሳቸው አልፈርድም። እርጥብ ጭቃ ለቆጣሪ ኮሚቴ ማቅረብ ነውር መስሎ ስለታያቸው፣ አራቱንም በጋዜጣ ላይ ዘርግተው በእርስዎ ቢሮ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አጠገብ ለአሥራ ሁለት ቀን አደረቋቸው። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ በእነዚያ አሥራ ሁለት ቀናት እግርዎን በዚያው ማሞቂያ ሲያሞቁ ከርመዋል። ከጭቃው የሚወጣው እንፋሎት የመስኮትዎን መስታወት ሲያደበዝዘው አይተው፣ እንዲወለወል ማዘዝዎን ጸሐፊዎ ወይዘሪት ትጊ ነግራኛለች።

4ኛ. ማሽኑ የሚፈልገው ያንኑ ውሃ ነበር። ሦስቱ ቀናት አለፉ፣ ተራዬ ለሌላ ተሰጠ። እኔም ይህን ሰምቼ ሳልጨርስ የእርስዎ ደብዳቤ ደረሰኝ፦ ናሙናዎቹ ገቢ ሲሆኑ ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም እንደነበሩ፣ በቆጠራ ወቅት ግን ሁለት ኪሎ ከአንድ መቶ አርባ ግራም ሆነው እንደተገኙ፣ ስለዚህ የአራት መቶ ስድሳ ግራም የማዕድን ሀብት ጉድለት እንደታየና የት እንዳደረስሁት በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዳስረዳ የሚጠይቅ። በትሕትና አስረዳለሁ። የጎደለው ውሃ ነው፤ እርስዎ ተንፍሰውታል።

ስለዚህ ምርመራው ይቀጥል ከተባለ ተጠርጣሪው እኔ ብቻ እንዳልሆን አደራ እላለሁ።

5ኛ. ኦቦ ዲሪባ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። በየማለዳው አጥራቸው ላይ ተደግፈው «አካም ቡልቴ መምህር፣ ጭቃችን ደረሰች?» ይሉኛል። በሐምሌ ሁሉ «በመንገድ ላይ ናት» እያልሁ ዋሸኋቸው። አንድ ሽማግሌ ቤታቸው የሚወድቅበትን ጊዜ ከእኔ አፍ ሲጠብቁ፣ እኔ ጭቃው ከእርስዎ እግር ጋር ማሞቂያ ሲሞቅ ከረመ ብዬ ልነግራቸው አፈርሁ። ጨዋ ቃላት እየመረጥሁ እዚህ ደርሻለሁ፤ ነገር ግን ተናድጃለሁ፣ ይህንንም በመዝገብ ቤትዎ ገቢ እንዲያደርጉልኝ እጠይቃለሁ።

ማሞቂያ አጠገብ ለአሥራ ሁለት ቀን ቢቀመጥ እንኳ ክብደቱ ከማይቀንስ አክብሮቴ ጋር፣

ፈቀደ አጵሎስ
ቡራዩ፣ ነሐሴ 12

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ነሐሴ 14 ከቀትር በኋላ ኮረብታው ወረደ። ኦቦ ዲሪባና ባለቤታቸው ለቅሶ ሄደው ስለነበር ተርፈዋል። የምርምር ማዕከሉ አዝኖልን በጥቅምት ሌላ ሦስት ቀን ሰጥቶናል፤ አዲሱን ናሙናም ከኦቦ ዲሪባ አልጋ ላይ አንስቼ አሽጌያለሁ። ፈቃዱን የፈረሙልኝ እሳቸው ናቸው፤ አፈሩ አሁን በመኝታ ቤታቸው ስለሚገኝ እርስዎን ማስቸገር አላስፈለገም።